ከመጋዘኑ የሚመጣው ነጭ ብናኝ ልጄን እያሳመመብኝ ይሆን?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂዋ ከአቃቂ አለፍ ብሎ ወደ ገላን በሚወስደው መንገድ፣ ከአንድ የማዳበሪያ መጋዘን ጀርባ ይኖራሉ። ባለቤታቸው የተሳቢ ሹፌር ናቸው። ከጅቡቲ ማዳበሪያ ጭነው በተመለሱ ቁጥር ዓይናቸው ይቀላል፤ ለቀናትም ያስላሉ። የአራት ዓመት ልጃቸው በበጋ ሌሊት ሌሊት ማሳል አብዝቷል። ክረምት ሲገባ ደግሞ ከመጋዘኑ በኩል አፍንጫ የሚሰነፍጥ ሽታ ይመጣል። «የወደቡ ነው ወይስ የመጋዘኑ? እንደ ቤይሩቱ የወደብ መጋዘንስ ሊፈነዳ ይችላል? ግቢያችን በጎች አሉ፣ እነሱንስ ይጎዳል? ባዶውን ከረጢት አጥቤ እህል ብከትበትስ?» ብለዋል።

እህቴ፣ መልሴን አስቀድሜ ልንገርዎትና ምክንያቱን ኋላ ላስረዳ። ባለቤትዎን የሚያስላቸው የወደቡ ብናኝ ይመስለኛል። ለልጅዎ ሳል ግን ከማዳበሪያው ይልቅ የምጠረጥረው ማዳበሪያውን የሚያመላልሱትን መኪኖች ነው። ሁለቱም ቤት ውስጥ አንድ ነጭ አቧራ ሆነው ስለሚታዩ አንድ ችግር ይመስላሉ፤ መፍትሔያቸው ግን ለየቅል ነው።

ከወደቡ ልጀምር። ብዙ ሰው ማዳበሪያ በከረጢት ተሰፍቶ ከውጭ የሚመጣ ይመስለዋል። አብዛኛው ግን ጅቡቲ የሚደርሰው ብትኑን፣ በመርከቡ ሆድ እንደተከመረ ነው፤ አንድ መርከብ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ቶን ይዞ ይመጣል። ክሬን እንደ መንጋጋ በሚከፈትና በሚገጥም የብረት ባልዲ እየዛቀ፣ ሆፐር ወደሚሉት ወደ ታች እየጠበበ ወደሚሄድ ትልቅ ቋት ይገለብጠዋል። ከቋቱ ሥር ያለው ማሽን 50 ኪሎ እየመዘነ ከረጢት ይሞላል፣ ይሰፋል፣ ከረጢቱም ወደ ተሳቢው ይወጣል። ከዚያ በጋላፊ በኩል 900 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ እናንተ ሰፈር ይደርሳል።

ያልተሰበረ የዩሪያ (የነጩ ማዳበሪያ) ፍሬ ከ2 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ውፍረት አለው። ይህን የሚያህል ነገር አይበንም። የሚበነው ስብርባሪው ነው፤ ፍሬው የሚሰበረው ደግሞ በወደቀ ቁጥር፣ በጎማ በተዳጠ ቁጥር፣ በአካፋ በተጫረ ቁጥር ነው። ስለዚህ እኔ አንድ የሥራ ቦታ ስደርስ መጀመሪያ የምጠይቀው የማዳበሪያውን ዓይነት አይደለም፤ ከየት ወደ የት፣ ከምን ያህል ከፍታ ላይ እንደሚወድቅ ነው።

ወደብ ላይ ይህ ሁሉ በአንድ ቦታ ይሰበሰባል። የባልዲው ጥርስ መካከል የደረቀ ጓል ከገባ ሙሉ በሙሉ አይገጥምም፤ ከመርከቡ እስከ ቋቱ ድረስ በአየር ላይ እያፈሰሰ ይሄዳል። ኦፕሬተሩ ከቸኮለ ባልዲውን ወደ ቋቱ አፍ ሳያወርድ ከላይ ይከፍተዋል። ከብዙ ሜትር ከፍታ የተለቀቀ ቶን ቶን ማዳበሪያ ቋቱ ውስጥ ያለውን አየር ገፍቶ ያስወጣዋል፤ አየሩ ሲወጣ ድቃቂውን ይዞ ነው የሚወጣው። መሬት የፈሰሰውን የመኪና ጎማ ይፈጨዋል፤ በማግስቱ ንፋስ ያነሳዋል ወይም አንዱ በደረቅ መጥረጊያ ይጠርገዋል። በደረቅ መጥረግ ማለት የረጋውን ብናኝ መልሶ ወደ አፍንጫ መላክ ነው።

መከላከያው የታወቀ ነው። ባልዲው ቋቱ አፍ ውስጥ ገብቶ ይከፈታል። የቋቱ ዙሪያ ይከለላል፤ በላዩ ላይ አየር የሚስብና በጨርቅ ማጣሪያ ብናኙን የሚያስቀር መሣሪያ ይገጠማል። ንፋሱ ሲበረታ ማራገፉ ይቆማል። የፈሰሰው ሳይዳጥ ይነሳል። የድንጋይ ከሰል የሚራገፍበት ወደብ ውሃ እየረጨ ብናኙን ሊያረጋ ይችላል፤ ዩሪያ ላይ ግን ውሃ ሲያርፍ ፍሬው ይሟሟል፣ የቀረውም ድንጋይ ይሆናል፣ ስለዚህ ያ አቋራጭ የለም። ይህ ሁሉ እየታወቀ ለምን ብዙ ቦታ አይደረግም ካሉኝ፣ በእኔ ግምት ዋናው ምክንያት ጥድፊያ ነው። መርከብ ከተወሰነለት ጊዜ በላይ ወደብ ላይ ከቆመ ተከራዩ የቆይታ ክፍያ በየቀኑ በዶላር ይከፍላል። ገበሬው ዘንድ ከመኸር ዘር በፊት መድረስ ስላለበት እኛም እንቸኩላለን። ንፋስ በርትቷልና ክሬኑ ይቁም የሚል ሰው በዚያ መሀል ሰሚ አያገኝም።

ባለቤትዎ የሚቆሙት እዚህ መሀል ነው። በሞቃቶቹ ወራት የጅቡቲ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ስለሚያልፍ የጋቢናው መስኮት ክፍት ይሆናል፤ ተራ እስኪደርስ ከከረጢት መሙያው አጠገብ ይጠበቃል። ዩሪያ በራሱ ከባድ መርዝ አይደለም፤ የሰው ሰውነትም በየቀኑ እየሠራ በሽንት የሚያስወጣው ነገር ነው። ነገር ግን ብናኙ ላብ በነካው ቆዳና በዓይን እርጥበት ላይ ሲሟሟ ያቃጥላል። ኤንፒኤስ የሚባለው፣ ማለትም 19 በመቶ ናይትሮጅን፣ 38 በመቶ ፎስፌትና 7 በመቶ ድኝ ያለው ማዳበሪያ፣ በውሃ ሲሟሟ አሲድነት ስላለው ዓይንና ጉሮሮ ላይ ይብሳል። ከዚህ ብናኝ አብዛኛው ሸካራ ስለሆነ አፍንጫና ጉሮሮ ላይ ይቀራል። ዓይን መቅላት፣ ጉሮሮ መከርከርና ደረቅ ሳል የሚያመጣው ይህ ነው፤ ከቦታው ሲርቁ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይለቃል።

ካልለቀቀ ግን ብናኙን ማሳበብ ይቁም። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል በአገራችን የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ የሚደረግለት ሳል ነው። ረጅም መንገድ የሚጓዝ፣ ጠባብ ጋቢና ውስጥ ከረዳት ጋር የሚያድር፣ በየመንገዱ የሚበላ ሰው «አቧራ ነው» እያለ ወራት ሲያሳልፍ አይቻለሁና ይህን ደግሜ እነግርዎታለሁ። የሌሊት ላብ፣ ክብደት መቀነስ ወይም ደም ያለበት አክታ ካለ ሁለቱን ሳምንትም አይጠብቁ።

ለሥራቸው የሚሆን ምክር፦ ሲጫን ከጋቢናው ወርደው ንፋሱ ከሚመጣበት ወገን ይቁሙ፤ መስኮቱ ይዘጋ። ፊት ላይ የሚገጥም ኤን 95 የሚባለው ጭንብል ይረዳል፤ ሻርፕ ግን ለድቃቂው ብናኝ ብዙም አያግድም። ዓይን ሲቃጠል ማሸት ሳይሆን በንጹሕ ውሃ ደጋግሞ ማጠብ። ቤት ከመግባታቸው በፊት የሥራ ልብሱን ውጭ አራግፈው ሳይሆን ውጭ አውልቀው ይግቡ፤ ልብሱም ከልጁ ልብስ ተለይቶ ይታጠብ። ተቀጣሪ ከሆኑ ደግሞ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የአደጋ መከላከያ መሣሪያ የማቅረቡን ግዴታ የጣለው በአሠሪው ላይ ነው፤ ጭንብሉን ከውሎ አበላቸው መግዛት የለባቸውም።

አሁን ወደ ገላን። እዚህ ማዳበሪያው የሚገባው ተሰፍቶ ነው። ውስጡ ላስቲክ ያለበት ደህና ከረጢት ብናኝ አያወጣም። የሚያወጣው የተቀደደው ነው፤ የሚቀደደውም በብዛት በመንጠቆ ሲጎተትና ከክምር ጫፍ ሲወረወር ነው። ጫኝና አውራጆቹ የሚከፈላቸው በከረጢት ቁጥር ስለሆነ ይቸኩላሉ፤ አልፈርድባቸውም። ከተቀደዱት የሚወጣው ብናኝ መጋዘኑ ውስጥ ላለው ሠራተኛ ከባድ ነው። ግድግዳውን አልፎ እናንተ ቤት የሚደርሰው ግን፣ ሸካራው ቶሎ ስለሚረጋ፣ ከሚያስቡት ያነሰ ሳይሆን አይቀርም።

በተቃራኒው መኪኖቹን ያስቧቸው። ያልተነጠፈ ግቢና መዳረሻ መንገድ ላይ አንድ ባለ ተሳቢ ሲያልፍ የሚያስነሳው አፈር፣ ተራ ጠባቂዎቹ ሞተር ሳያጠፉ የሚለቁት ጭስ። የናፍጣ ጥቀርሻ ከአንድ ማይክሮን (ከሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ) ያነሰ ስለሆነ አፍንጫ ላይ አይቀርም፤ ሳንባ ጥልቀት ውስጥ ይገባል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2012 የናፍጣ ጭስን ካንሰር እንደሚያመጡ ከተረጋገጡ ነገሮች ጎራ መድቦታል። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መመሪያ ፒኤም 2.5 የሚባለው ድቃቂ ብናኝ በ24 ሰዓት አማካይ ከ15 ማይክሮ ግራም በሜትር ኪዩብ እንዳይበልጥ ይመክራል፤ ሸካራውን ለሚጨምረው ፒኤም 10 ደግሞ ገደቡ 45 ነው። የገደቦቹ ልዩነት ራሱ የትኛው እንደሚከፋ ይናገራል።

የክረምቱ ሽታ ሌላ ታሪክ ነው። የአየሩ እርጥበት ወደ 75 በመቶ ሲጠጋ ዩሪያ ከአየሩ ውሃ እየሳበ ማላብ ይጀምራል፤ የአዲስ አበባ የክረምት ጠዋት ይህን በቀላሉ ያልፋል። ያላበው ዩሪያ ብቻውን ብዙ አይሸትም። መሬት ፈስሶ ከአፈር ወይም ከፍግ ጋር ሲቀላቀል ግን፣ አፈሩ ውስጥ ያለ ዩሬዝ የሚባል ኢንዛይም ወደ አሞኒያ ይለውጠዋል። ያደረ ሽንት የሚሰነፍጠውም በዚሁ መንገድ ነው። ስለዚህ ሽታው በበረታ ቁጥር መጋዘኑ ጣሪያው እንደሚያፈስ፣ ወለሉ እንደማይጸዳ ወይም የተጠረገው ውጭ እንደሚደፋ ይጠርጥሩ። ለሠራተኞች በአሜሪካ የሚመከረው የአሞኒያ ገደብ በሙሉ የሥራ ቀን አማካይ ከአንድ ሚሊዮን የአየር እጅ 25 እጅ ነው፤ ለአብዛኛው ሰው አፍንጫ ከዚያ በታች ይታወቃል። ሸተተኝ ማለት ተመረዝኩ ማለት አይደለም። ችግሩ አፍንጫ ቶሎ መልመዱ ነው፤ «ድሮ ይሸተን ነበር፣ አሁን ተሻለ» የሚል የመጋዘን ጥበቃ ካገኙ አየሩ ተሻለ ብለው አይደምድሙ። በዚያ ላይ አሞኒያ ከመኪና ጭስ ከሚወጡት ጋዞች ጋር ሲገናኝ ጨዋማ ድቃቂ ብናኝ ይፈጥራል፤ ያ ደግሞ ከፒኤም 2.5 ወገን ነው።

ግምቴን እንዴት ያረጋግጡ? እዚህ ላይ የባርሴሎና ታሪክ ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. ከ1981 እስከ 1987 ባሉት ዓመታት በዚያች የወደብ ከተማ አንዳንድ ቀን ላይ ሆስፒታሎች በድንገት በአስም ታማሚ ይጥለቀለቁ ነበር፤ በማግስቱ ምንም የለም። ፋብሪካው ተጠረጠረ፣ የመኪና ጭስ ተጠረጠረ። በመጨረሻ ተመራማሪዎች የበሽታውን ቀናት ከወደቡ የማራገፊያ መዝገብ ጋር ሲያስተያዩ፣ ቀናቱ አኩሪ አተር ከመርከብ ወደ ጎተራ ከሚራገፍበት ቀን ጋር ገጠሙ። ጎተራው ማጣሪያ አልነበረውም። ማጣሪያ ሲገጠምለት ወረርሽኙ ቆመ። አኩሪ አተር አለርጂ ስለሚያስነሳ ከማዳበሪያ ጋር አንድ አይደለም፤ የምፈልገው ዘዴውን ነው። ቀን ከቀን ጋር አስተያዩ።

እርስዎም አንድ ደብተር ያዘጋጁ፤ ሦስት ሳምንት በቂ ነው። በየቀኑ መኪና መግባትና መውጣቱን፣ ከረጢት መራገፉን ወይም መጫኑን፣ ንፋሱ ከየት እንደነፈሰ፣ ዝናብ መኖሩን፣ ቤት ውስጥ ከሰል ወይም እንጨት መንደዱን፣ ሌሊት ልጁ ማሳሉን ይጻፉ። መኪና ባለበት ነገር ግን ጭነት በማይነካበት ቀን (ለምሳሌ ተሰልፈው በሚያድሩበት እሑድ) ልጁ ካሳለ ማዳበሪያው ነጻ ነው ማለት ይቻላል።

ሌላም ቀላል ፍተሻ አለ። ጥቁር ወይም ጥልቅ ቀለም ያለው ሳህን መስኮት ላይ አስቀምጠው የረጋበትን ብናኝ ወደ አንድ ብርጭቆ ንጹሕ ውሃ ያራግፉት። ዩሪያ ሙሉ በሙሉ ሟሙቶ ይጠፋል፤ ከኤንፒኤስም አብዛኛው ይሟሟል። የመንገድ አፈር ውሃውን አደፍርሶ ከታች ይረጋል። ጥቀርሻ ከላይ ይንሳፈፋል ወይም ጠርዙን ያጠቁራል። ላቦራቶሪ አይተካም፤ ግን ወዴት ማየት እንዳለብዎ ይነግርዎታል። በምላስ እንዳይቀምሱ።

ደብተሩ ላይ ከሰልን የጨመርኩት ሆን ብዬ ነው፤ ሊቀየሙኝም ይችላሉ። በተዘጋ ክፍል ውስጥ የሚነድ ከሰል፣ በላዩ ዕጣን ሲጨመርበት፣ ከመጋዘኑ ከሚመጣው ይልቅ ለአንድ ሕፃን ሳንባ ሊከብድ ይችላል። ከጎረቤት ጋር ከመጣላት በፊት ልጁ ከሚተኛበት ክፍል እሳቱን ማውጣት ይቀላል። ቡናውን ደጅ ያፍሉት። ልጁ ትንፋሹ ከፈጠነ፣ ሲተነፍስ ደረቱ ወደ ውስጥ ከሰረጎደ፣ ሲር ሲር የሚል ድምፅ ካሰማ ወይም ከንፈሩ ከጠቆረ ግን ደብተር የለም፤ በዚያው ሰዓት ወደ ጤና ጣቢያ።

የቤይሩቱን ጉዳይ በአጭሩ። እ.ኤ.አ. በኦገስት 2020 በዚያች የሊባኖስ ከተማ የፈነዳው ለዓመታት ወደብ መጋዘን ተከማችቶ የነበረ 2,750 ቶን አሞኒየም ናይትሬት ነው። ዩሪያና ኤንፒኤስ ያ ነገር አይደሉም፤ ብቻቸውን አይፈነዱም። እሳት ከያዛቸው ግን አሞኒያና ሌላ ጎጂ ጋዝ ይወጣል፣ ስለዚህ መጋዘኑ ቢቃጠል ለማየት መሰብሰብ ሳይሆን ንፋሱ ወደሚመጣበት አቅጣጫ ሸሽቶ መራቅ ነው። መጋዘኑ ውስጥ ከማዳበሪያው አጠገብ ክሎሪን ወይም በረኪና ተከማችቶ ካዩ ግን ዝም አይበሉ፤ ዩሪያ ከእነዚህ ጋር ሲቀላቀል የሚፈነዳ ነገር ሊፈጠር ይችላል።

አቤቱታ ማቅረብ ከፈለጉ መጀመሪያ መጋዘኑ በየትኛው አስተዳደር ሥር እንዳለ ይወቁ፤ እዚያ አካባቢ ድንበሩ ያምታታል። የአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ ከሆነ የአዲስ አበባ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ነው፤ በሸገር ከተማ ሥር ያለው ገላን ከሆነ የኦሮሚያው ነው። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ማንም ሰው በግሉ መጎዳቱን ማስረዳት ሳይጠበቅበት አቤት እንዲል ይፈቅዳል። በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልተሰጠ ወይም ውሳኔው ካላረካዎት በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይቻላል። ስለዚህ አቤቱታው በጽሑፍ ይሁን፤ የገባበት ቀን ማኅተም ያለበት ቅጂ ይያዙ። «መጋዘኑ ይነሳልን» ብለው ከጀመሩ ነገሩ ዓመታት ይፈጃል። «መዳረሻው ይነጠፍ፣ ቆሞ የሚጠብቅ መኪና ሞተር ያጥፋ፣ የተቀደደ ከረጢት በዕለቱ ይነሳ» ብለው ቢጠይቁ ባለመጋዘኑም አቅሙ ይችላል፤ ደብተርዎም የሚደግፈው ይህንኑ ነው። እንዲያውም ከአቤቱታው በፊት ከሥራ አስኪያጁ ጋር በሰፈር ሽማግሌ በኩል አንድ ጊዜ ቢነጋገሩ ይሻላል፤ የፈሰሰ ማዳበሪያ ለእርሱም ኪሳራ ነው።

ለበጎቹ ከልጁ ባልተናነሰ እሰጋለሁ። የሚያመሰኳ እንስሳ ዩሪያ ሲልስ ጨጓራው ውስጥ ያሉት ተሕዋስያን በፍጥነት ወደ አሞኒያ ይለውጡታል፤ ባዶ ሆዱን የነበረ በግ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ሊሞት ይችላል። ሆዱ ከተነፋ፣ አረፋ ከደፈቀ፣ ከተንቀጠቀጠ የእንስሳት ሐኪም ይጥሩ፤ እስኪመጣ ኮምጣጤ በብዙ ቀዝቃዛ ውሃ በጥብጦ ማጠጣት የታወቀ የመጀመሪያ እርዳታ ነው፤ ራሱን ለሳተ በግ ግን በአፉ ምንም አይስጡ። ከመጋዘኑ አጥር ሥር አይሰማሩ።

ከረጢቱን ለጤፍም ለዱቄትም አይጠቀሙበት። የተሸመነው ክር መሀልና ስፌቱ ውስጥ የሚቀረው ታጥቦ አያልቅም፤ በዚያ ላይ በአንዳንዱ ፍሬ ላይ እንዳይጓጉል የሚቀባ ዘይት አለ። ለአሸዋ፣ ለአፈር፣ ለቆሻሻ ይሁን። ያጠቡበትን ውሃም በጎቹ ከሚጠጡበት ወይም ከጉድጓድ ውሃችሁ አጠገብ አይድፉት።